የአያ ሙላት የጎማ መምቻ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለወንድሞቼም አልነገርሁም። ስግደት ላይ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እንኳ ስሙን ጠርቼ አልተናገርሁትም፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም ማረኝ» ብዬ በደፈናው አልፈዋለሁ። ጠንቅቄ የማውቀውን ከማላውቀው ጋር ቀላቅዬ ማለፌ ነበር። አየህ፣ ፈጣሪዬ ፊትም ቢሆን ነጋዴ ነኝ።

ስሜ እንድሪስ ነው። አዘዞ ላይ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። አባቴም አያቴም ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ጨርቁ ለወንድሞቼ ደረሰ፤ ለእኔ የደረሰኝ ምላሱ ነው። ሰው ወሬዬን ስለሚወደው ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ደጄ ይቆማል። የምናዘዝልህም ይህ ምላስ ስለሠራው ነገር ነው።

በእኛ ዘንድ ቄስ ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለም። በሰውና በአላህ መካከል ያለውን አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ «አውፍ ብዬሃለሁ» ካላለ አይፋቅም። ታዲያ ባለሐቁ እዚሁ ጠዳ ተቀምጦ ሳለ ለአንተ፣ ለማታውቀኝ አንባቢ፣ ምን ብዬ እናዘዛለሁ? ፈሪ ስለሆንሁ ነው። አፌን በአንተ ላይ እያለማመድሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ማሽን አስመጣሁ፤ ጎማ በናይትሮጅን የሚሞላ ማሽን። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራት አለው። ተራውን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን ለይቶ ወደ ጎማው ይልካል። በእኛ በኩል ያኔ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ሾፌሮች ከበው ሲያዩት እኔ መሐል ቆሜ እለፈልፋለሁ፤ ጎማ አይግልም፣ ቸርኬ አይዝግም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የተሞላው አይጎድልም። «አውሮፕላን በምን የሚያርፍ ይመስላችኋል?» እላለሁ። የሞላሁትን ጎማ ከሌላው ለመለየት የቫልቮላውን ክዳን በአረንጓዴ እቀይረዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ መናኸሪያው ውስጥ አረንጓዴ ክዳን የሌለው ሚኒባስ ኋላ ቀር ይባል ጀመር።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ትንሽ መኪናውን ይዞ መጣ። ወሬዬን እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «እንድሪስ፣ ይኸ የምንተነፍሰው አየር እኮ ራሱ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል» አለኝ።

«ታዲያ ከንቱ ነው ልትለኝ ነው?»

«ከንቱስ አይደለም። ትንሽ ቀስ ብሎ ያመልጣል፤ እርጥበትም የለውም። ሚስማር ከወጋው ግን እንደ ማንኛውም አየር ይወጣል። ጎማውን በየጊዜው የሚያስለካ ሰው ተራው አየር ይበቃዋል። የማያስለካ ሰው ደግሞ ምንም ቢሞላ አይጠቅመው።»

ሾፌሮቹ እየሰሙ ነበር። «መምህር፣ አንተ በጠመኔህ፣ እኔ በጎማዬ!» ብዬ አሳቅሁበት። እሱም ፈገግ ብሎ ሄደ። ይህን የምነግርህ አንድ ነገር እንድትይዝልኝ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ «አላውቅም ነበር» ማለት አልችልም። ነግሮኛል። በአማርኛ፣ በቀን ብርሃን፣ ደጄ ላይ ቆሞ ነግሮኛል።

ወራት አለፉና የማሽኑ ማጣሪያ፣ ናይትሮጅኑን የሚለየው ዋናው ዕቃ፣ ሞተ። መለዋወጫው እዚህ አይገኝም። መብራቱ ግን እንደ በፊቱ ቦግ ብሎ ይበራል። ምን ማድረግ ነበረብኝ? «ተበላሽቷል፤ የምሞላላችሁ ተራ አየር ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ያደረግሁት ግድግዳውን በስቼ የማሽኑን ቱቦ ከጓሮ ካለው አሮጌ ኮምፕረሰር ጋር ማገናኘት ነው። ደጅ የሚነፍሰውን አየር በአረንጓዴ መብራት በኩል እያሳለፍሁ «ናይትሮጅን» ብዬ ሞላሁ። እንዲያውም በብልሃቴ ተደስቼ ነበር።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ አይደለም። ይህ ማታለል ነው፤ ብዙ ነጋዴ ያውቀዋል። የእኔ የከፋው ደንበኛ ወደ ሌላ ጎሚስታ እንዳይሄድብኝ የጨመርሁት ነገር ነው። «ክዳኑን አትክፈቱ» አልሁ። «ሌላ ሰው አታስነኩ፤ ተራ አየር ከተቀላቀለበት ይበላሻል። መለካትም በዱላ መምታትም አያስፈልገውም።» መምህሩ ካለኝ ጋር ፍጹም የሚቃረነውን፣ ቃል በቃል፣ እያወቅሁ ተናገርሁ። ለአያ ሙላትም ይህንኑ ነገርሁ።

አያ ሙላት ከጠዳ ወጣ ያለች መንደር ሰው ነው፤ በዕድሜ የአባቴ ታናሽ ወንድም ይሆናል። የራሱን ሚኒባስ ከጎንደር ሳንጃ ይነዳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ደጄ ሳይቆም አይሄድም። በበዓል ሥጋችን ስለማይገናኝ እሱ ለዒድ ማር ያመጣልኛል፣ እኔ ለፋሲካ ዘይትና ስኳር እልክለታለሁ። ልጆቼ ስሙን ሲጠሩ አጎታቸውን የጠሩ ይመስላል።

አንዲት ዱላ ነበረችው። ከወይራ የተጠረበች፣ ክንድ የምታህል፣ ጫፏ ወፈር ያለ። ጎንደር ከመጫኑ በፊት፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ሳንጃ ደግሞ ከመመለሱ በፊት ወርዶ መኪናዋን ይዞራታል፤ እያንዳንዱን ጎማ በዱላዋ ይመታና ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ሙሉ ጎማ ዱላዋን አንጥሮ ይመልሳታል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የጎደለ ጎማ ድምፁን ይውጠዋል። አያ ሙላት በዚህች ዱላ የጎደለ ጎማ ሲያገኝ እኔ ራሴ በመለኪያ አረጋግጬለት አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ዞሮ ሲጨርስ ያማትብና ይነሣል።

አንድ ጠዋት አራቱንም ጎማዎች በ«ናይትሮጅን» ሞላሁለት፤ አረንጓዴ ክዳን አደረግሁለት። እሱም እንደ ልማዱ ዱላዋን ከወንበሩ ሥር አወጣ። አምስት ስድስት ሾፌሮች ቆመዋል። ምላሴ በላኝ።

«አያ ሙላት፣ ናይትሮጅን አስሞልተው ዱላ? ጎማውን ሊገርፉት ነው እንዴ?»

«ተወኝ እባክህ፤ ጎማው ራሱ ካልነገረኝ አላምንም» አለ እየሳቀ።

«እኔን አያምኑም ማለት ነው?» አልሁና ዱላዋን ከእጁ ወሰድሁ። «ይህች ዱላ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥታለች!» ብዬ ከማሽኑ ኋላ አስደገፍኋት። ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። አያ ሙላትም ሳቀ። ባዶ እጁን ግን ወዲያው አልሰበሰበውም፤ ጥቂት እንደ ተከፈተ ቆየ። አየሁት። «እሺ፣ አንተ ካልህ» አለና አማትቦ ተነሣ።

ዱላዋን ከእጁ ወሰድሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በልቤ እንዳልሁት አልነግርህም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ሰው ለማሳቅ ብዬ የሽማግሌ ዱላ ከእጁ ወሰድሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሾፌር ከሳንጃ መንገድ ደወለልኝ። «አያ ሙላት ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ተገለበጠ» አለኝ። የያዝሁት ክሪክ ከእጄ ወድቆ እግሬን ቢመታኝ አልተሰማኝም። መኪናዋ በገደሉ በኩል ሳትሆን በተራራው በኩል ወድቃ ኖሯል፤ ያ ነው ሰው ያተረፈ። አንዲት ተሳፋሪ እጇ ተሰብሯል፣ ሌሎቹ ተጫጭረዋል። የአያ ሙላት እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አሁን የሚመጣውን ስትሰማ ከፈለግህ ተወኝና ሂድ።

በማግስቱ የአያ ሙላት ወንድምና አንድ ትራፊክ ፖሊስ የፈነዳውን ጎማ ተሸክመው መጡ። ወዴት? ወደ እኔ። ስለ ጎማ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋላ! «እስቲ እየውና ምን እንዳፈነዳው ንገረን» አሉኝ። ጎማውን አጋድሜ ውስጡን አየሁ። ውስጡ ጥቁር የጎማ ዱቄት ሞልቶታል፤ ጎኑ ዙሪያውን ተፈግፍጓል። አየሩ ጎድሎ ለቀናት ሲነዳ የኖረ ጎማ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ እየታጠፈ፣ እየጋለ፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው። በውጭ በኩል እጄን ሳንሸራትት ጣቴን አንድ ነገር ነካው። ሚስማር። የትንሽ ጣት ግማሽ የማትሞላ ሚስማር ጥርሱ መሐል ተሰክታለች። ቀን በቀን በቀስታ ታስተነፍሰው ኖሯል። በዱላ ቢመታ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ይሰማ ነበር። አያ ሙላት ይሰማው ነበር!

ያን ጊዜ እጄ የሠራውን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። ጎማውን ወደ እኔ አዞርሁ፤ ሰዎቹ የማያዩት ጎን በእኔ በኩል ሆነ። በፒንሳ ይዤ ሚስማሯን ነቀልኋትና ኪሴ ከተትኋት። ልቤ ገና ሳይወስን እጄ ጨርሶ ነበር ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። ወስኜ ነው። «ድንጋይ ነው» አልኋቸው። «ስል ድንጋይ ጎኑን ቀዶታል።» ትራፊኩ ጻፈ። ወንድሙ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ። የአያ ሙላት ወንድም አመሰገነኝ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሙዝ ይዤ ሄድሁ። እግሩ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሰላም ካለኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ምን የምታህል ድንጋይ ናት?» ብሎ ነው።

ምላሴ እንደ ለመደው ሠራ። «ይችን ታህላለች» ብዬ ሁለት እጄን ጡብ በሚያህል ከፈት አድርጌ አሳየሁት። ያልነበረ ድንጋይ በእጄ ለክቼ ለበሽተኛ አሳየሁት።

ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አላየኋትም» አለ። ይህችኑ ብቻ። እኔም ሙዙን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማሽኑን በማግስቱ የነቀልሁት ይመስልሃል? አልነቀልሁትም። አንድ ክረምት ሙሉ ሠራሁበት። «ክዳኑን አትክፈቱ» የምትለዋን ብቻ ተውሁ፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ንስሓ ቆጠርሁት። ኋላ ሌሎች ጎሚስታዎችም ማሽን ሲያመጡና ወሬው ሲያልቅ ነው ያወጣሁት። ሰው ዛሬ «እንድሪስ፣ ናይትሮጅን ይጠቅማል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መምህሩ ያለውን እነግረዋለሁ፤ ትንሽ ይጠቅማል፣ ጎማህን በየጠዋቱ ከማየት ግን አያድንህም። እንዲህ ስል ሰዎች ሐቀኛ ይሉኛል።

አያ ሙላት ከሆስፒታል ወጣ፤ ሚኒባሷን ሸጠ። እግሩ ነው ብዬ አሰብሁ። እግር ነው፣ የአላህ ሥራ ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል እያልሁ ለራሴ አወራሁ። ማሩም በየዒዱ መምጣቱን አላቋረጠም፤ በሰው ይልክልኝ ነበር። ያን ማር ልጆቼ በሉት። እኔም በላሁት።

ባለፈው ዒድ ማግስት ራሱ መጣ። ከአዘዞ ጫፍ በእግሩ ነው የመጣው፤ አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አያነክስም። ደነገጥሁ። አስቀምጬ ሻይ አስመጣሁለትና፣ «አያ ሙላት፣ እግርዎ ድኗል እኮ!» አልሁት።

«እግሬማ ሸጋ ነው። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም እሄድበታለሁ።»

«ታዲያ ምነው መንዳቱን ተዉት?»

«ዓይኔ ነዋ! ዓይኔ ከዳኝ እንጂ እንድሪስ።»

ምንም አልገባኝም። «ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ያችን ድንጋይ አላየኋትም» አለኝ፤ አሁንም እንደዚያ ቀን። «ቀን ነው፤ ፀሐዩ ቦግ ብሏል፤ መንገዱን እያየሁ ነው የምነዳ። አንተ በእጅህ ለክተህ ያሳየኸኝን የምታህል ድንጋይ ጎማዬን ስትቀድ አላየኋትም። አልጋዬ ላይ ሆኜ መንገዱን ስንት ጊዜ በልቤ ሄድሁበት መሰለህ! የለችም። ያችን ያላየ ሰው የሰው ልጅ አሳፍሮ ይነዳል?»

«ሐኪም ዘንድ... አልታዩም?»

«ታየሁ እንጂ። ደህና ነህ፣ መነጽርም አያሻህ አለኝ። እሱ እኮ ግድግዳ ላይ ምልክት ነው ያሳየኝ። አንተ ግን ጎማውን አይተኸዋል። ማናችሁን ልመን?»

አንባቢዬ፣ እግሩን ሰበርሁት ብዬ ነበር የማስብ፤ እግሩ ድኗል። ዓይኑን ነው የወሰድሁት። ደህና ዓይን ከፊቱ ላይ ወሰድሁበት፤ ሐኪም መልሶ ሲሰጠው እንኳ እኔን አምኖ አልቀበልም አለ!

እሱ ግን ቀጠለ። ባለፈው ክረምት የጎረቤቱ ልጅ ምጥ ያዛት። መኪና አለ፣ ቁልፉ አለ፣ ሾፌሩ የለም። «አያ ሙላት፣ ንዳልን» ብለው ደጁ ላይ ወደቁ። «ዓይኔ አያይም፤ እገድላታለሁ ብዬ እንቢ አልኋቸው። በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ ተሸከሟት። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። ዘመዶቿ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ የዋሸሁ መሰላቸው።»

እሱ የዋሸ መሰላቸው።

አፌን ከፈትሁ። እምልልሃለሁ፣ ከፈትሁ። ስለ ጎማ፣ ስለ ማሽን፣ ስለ አውሮፕላን ስንት የተናገረ አፍ፣ «ሻይው ይቀዘቅዝብዎታል» አለ። ጠጣና ተነሣ። ልጆቼን መረቀ። ዱላዋን ከማሽኑ ቦታ ግድግዳ ተደግፋ ሲያያት፣ «አለች እንዴ? ትኑር፤ ለእኔ ምን ልትሆነኝ» አለና ወጣ።

ከደጄ ቆሜ አየሁት። አስፋልቱ ዳር ደረሰና ቆመ። ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ እስከ ማዶ መታጠፊያው ድረስ አንድ ባጃጅ እንኳ የለም። እሱ ግን አልተሻገረም። እንደገና ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ቅጠል ተሸክማ የምታልፍ ሴት አስቆመና፣ «እሜቴ፣ መኪና አለ?» ብሎ ጠየቃት። «የለም አባባ» አለችው። ያን ጊዜ ተሻገረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የተገለበጠው መኪና አይደለም። ባዶ አስፋልት ዳር ቆሞ «መኪና አለ?» የሚል ሰው ነው። ሳንጃ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በቃሉ የሚያውቅ ሰው።

ሚስማሯ አለችኝ። በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ለምን እንዳልጣልኋት አላውቅም፤ ምናልባት ሙሉ በሙሉ አልጠፋሁ ይሆናል፣ ምናልባትም እሷንም መጣል ስለ ፈራሁ ነው። ለራሴ የሚሆነኝን አልመርጥም።

ነገ ጠዋት ጠዳ እሄዳለሁ። ዱላዋንና ሚስማሯን ይዣለሁ። ሸይጧን አሳሳተኝ አልልም፤ ማሽኑ ስለ ተበላሸ ነው አልልም። አውፍ ቢለኝ ባይለኝ የእሱ ነው፤ ቢረግመኝም እቀበላለሁ፤ ትራፊክ ቢሮም ልሂድ ካለ አብሬው ሄጄ ትራፊኩ የጻፈውን አስደልዘዋለሁ። የዚያች ምጥ የያዛት ልጅ ዘመዶች ደጅም እቆማለሁ። እግሬ ከደጁ መልሶ እንዳያመጣኝ ብቻ ነው የምፈራው፤ ለዚህም ነው አስቀድሜ ለአንተ የነገርሁህ። ብመለስ አንድ የሚያውቅብኝ ሰው ይኑር።

ወሬ አላበዛም። ሰላምታ ሳላስረዝም፣ ገና ሳልቀመጥ፣ ዱላዋን ከወሰድሁባት እጅ ላይ መልሼ አስቀምጥና የማውቀውን አንድ እውነት እነግረዋለሁ፦

አያ ሙላት፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ አልነበረም።